ጋቢሽን ደርቢ ይላል

እኔ ሳላወራ መዋል አልችልም፤ ይሄን አሰላ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ስልክ ቤት ስቀጠር ሰፈሩ ሁሉ «እሰይ፣ ይቺ ልጅ ቦታዋን አገኘች» አለ። እኔም ብዬ ነበር። እንዲያውም ከሁሉም አስበልጬ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን ይሄን ነገር ለሰው ካልተናገርኩት ልፈነዳ ነው፣ እማዬ ደሞ «ዝም በይ፣ አሁንስ ዝም በይ» ትለኛለች፣ እና ለናንተ ልናገር።

ከስልኩ በፊት ሐኪም ቤት ሞክሬ ነበር፣ ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪ፣ ልሆን። ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ገበሬ እግሩን መጥረቢያ መትቶት መጣ፣ «ፋሻውን ያዢ» ተባልኩ፣ ዓይኔን ስገልጥ አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ ገበሬው በአንድ እግሩ ቆሞ በባርኔጣው ያራግብልኛል። ከዛ ጥልፍ ገባሁ። የጠለፍኩትን ጣዎስ ያየ ሁሉ «ዶሮዋ ታማለች እንዴ?» አለኝ። በመጨረሻ ጎረቤታችን እትዬ እታገኘሁ «ኧረ ይቺን ልጅ ለስልክ ነው የፈጠራት» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው የስልክ ቤቱ ሹም አቶ ወልደጻድቅ ዘንድ ሄዱ። ምን እንዳሏቸው እስከዛሬ አላውቅም። ብቻ በሳምንቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ያ ወንበር። እንዴት ልንገራችሁ። ፊት ለፊቴ ሳንቃ አለ፣ ሳንቃው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ከየቀዳዳው በላይ ትንሽዬ የብረት ክዳን አለች። አንድ ሰው ሲደውል የሱ ክዳን ጠብ ትላለች። እኔ ገመዱን ሰካ አደርግና «አሰላ፣ አቤት» እላለሁ። በቃ፣ ጆሮዬ ውስጥ ሰው ገባ ማለት ነው። ከሮቤ፣ ከሳጉሬ፣ ከአዲስ አበባ። እኔ ከዚህች ከተማ ወጥቼ አላውቅም፣ ግን አገሩ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ሆዴን ነበር የሚኮረኩረኝ። ያኔ «ሰው ሥራውን ማግኘቱን በምን ያውቃል?» ብትሉኝ «ሆዱን ሲኮረኩረው» እላችሁ ነበር።

ከሁሉም የምወደው ደሞ መስመር ሲደክም ነው። ክረምት ላይ፣ ጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ለብሶ ዝናቡ አላቋርጥ ሲል፣ መስመሩ ሹክሹክታ ይሆናል። ካቢን በምንላት ጠባብ የመደወያ ክፍል ውስጥ የገባው ሰው ምንም አይሰማም። እኔ ግን ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ የተጣበቀ ስለሆነ እሰማለሁ። ያኔ ደዋዩ ከካቢኑ ወጥቶ መስኮቴ ጋ ይቆማል፣ እኔ መሀል ሆኜ አቀባብላለሁ።

«ገብሱ ተሸጠ ወይ ይላል።»

«ገና ነው በይው።»

«ገና ነው ይላል።»

እና ሳላስበው የሰዉን አነጋገር እይዘዋለሁ። የሳጉሬ እህል ነጋዴ ከሆነ እንደሱ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ አሮጊት ከሆኑ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። መስመር የሚጠግነው ጋሼ ሁሴኖ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኔን መስላ ሚስቴን ታስፈራራልኛለች» እያለ ይስቅብኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት የእትዬ እታገኘሁ ነው። ልጃቸው ኃይለየሱስ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ይነዳል። ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ሥራ ከሌለው የጋራዡ ስልክ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እትዬ ለኔ ቆሎ በመሀረብ ቋጥረው ይመጣሉ፤ ኃይለየሱስ ይሄን ስለሚያውቅ መጀመሪያ «አሰላ፣ ቆሎው ደረሰሽ?» ይለኛል። ከዛ «እማምዬ» ብሎ ይጀምራል። ስለ መኪናው ያወራል፣ ስለ ጎማው ያወራል፣ መጨረሻ ላይ ሁሌ አንድ ነው የሚለው። በጋም ይሁን ክረምት፣ «ጋቢሽን ደርቢ»። ደርቢ የሚለውን ጎተት ያደርገዋል። እኔም ጎተት አድርጌ «ጋቢሽን ደርቢ ይላል» እላለሁ፣ እትዬም «ደርቤያለሁ በይው፣ እንዳንተ ብርድ አልፈጀኝም በይው» ብለው ይስቃሉ።

ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ ደወሉና «አቶ ሣህሌን አስጠሩልን» አሉ። አቶ ሣህሌ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የእትዬ እታገኘሁ ሟች ባል ወንድም ናቸው። መጡ፣ ካቢን ገቡ፣ አገናኘሁ። የሰው ወሬ ማዳመጥ አይፈቀድም፣ አውቃለሁ። ግን መስመሩ መያዙን ሳላረጋግጥ ከጆሮዬ አላወርድም፣ እሱም ደንብ ነው። ልነቅለው ስል «ሞጆ አካባቢ» የሚል ሰማሁ። ከዛ «ተገለበጠች» የሚል። ከዛ የኃይለየሱስን ስም ሰማሁ። ከዛ በኋላ መንቀል አቃተኝ።

አቶ ሣህሌ ከካቢኑ ሲወጡ ዓይኔን አዩት።

«ሰምተሻል» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እዚያው ቀብረውታል። ለእታገኘሁ እህቷ ከሮቤ እስክትመጣ አይነገራትም፤ ያለ እህቷ ብቻዋን አትረዳም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ በፈረስ ነው የምትመጣው። እሑድ ጎህ ሲቀድ ገብተን እናረዳታለን። እስከዛ አንቺ ምንም አልሰማሽም።»

አቶ ወልደጻድቅም ተጠሩ። እሳቸው ደሞ «ቅዳሜ ስትመጣ መስመር ተቆርጧል ትያታለሽ። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ፤ አንቺ መጨመር ትወጃለሽ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። እኔ። ጋሼ ሁሴኖ ከሳጉሬ መንገድ የወደቀ እንጨት ሲያቆም ውሎ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባና አየኝ።

«ያ ፋናዬ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሻል?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«እኔ ምላስሽን መስሎኝ» አለና ጫማውን ሊያራግፍ ወጣ። ማታ ቤት ስገባ የእትዬ እታገኘሁ በር ክፍት ነበር፣ ጥጥ እየፈተሉ «ፋኒዬ፣ ነገ ቆሎሽን ከሱፍ ጋር ነው የማመጣልሽ» አሉኝ። ሮጬ ገባሁ።

ቅዳሜ መጡ። ዝናቡ ነጠላቸውን አልፎ ቀሚሳቸው ድረስ ገብቷል። መሀረቡን መስኮቴ ላይ አኖሩና «በይ፣ ያንን ልጅ ጥሪልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ መስመር ተቆርጧል።»

ያልኩት ይሄን ብቻ ነው፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ደዋዮች የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። «እጠብቃለሁ» አሉ። «ሌሊት ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ፣ የፊት ጥርሴ። ደህና መሆኑን ሳልሰማ እቤቴ አልገባም።»

አቶ ወልደጻድቅ ስብሰባ ብለው አውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሄደዋል። ምን ላድርግ? ደሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አንድ ቆዳ ነጋዴ ገባና አዲስ አበባ ጠየቀኝ። እኔ ስደናገር የአዲስ አበባዋ ክዳን ራሷ ጠብ አለች፣ ለሱ ነበር የሚደውሉት፤ ሰካሁ፣ ነጋዴው ካቢን ገብቶ እየጮኸ ስለ ፍየል ቆዳ አወራ፣ አወራ፣ ጨረሰ፣ ወጣ። እትዬ እታገኘሁ ተነስተው መስኮቴ ጋ መጡ።

«ተቀጠለ አይደል?»

«መስመሩ ደካማ ነው፣ እትዬ።»

«ደካማ ከሆነማ አንቺ አለሽልኝ» አሉና እንደ ሁልጊዜው ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ፊቴን ማየት ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። የብርድ ይሁን የሕልሙ አላውቅም።

እና ማዳመጫውን አደረግኩ። ገመዱን አነሳሁ፣ ግን አልሰካሁትም፤ ጭኔ ላይ ያዝኩት። «ሃሎ፣ አዲስ አበባ» አልኩ። «ጋራዡን። አዎ። ኃይለየሱስ አለ?» ጆሮዬ ውስጥ ምንም የለም፣ የራሴ ደም ነው የሚጮኸው።

«አለ?» አሉኝ።

አለ አልኩ።

«እንዴት ነህ በይው። ጤና ነህ ወይ በይው።»

«ጤና ነኝ ይላል። እማምዬ፣ ጤና ነኝ ይላል።»

«ሕልም አይቼ ፈርቼ ነበር በይው።»

«እራት ሳትበይ ተኝተሽ ነው ይላል።»

ሳቁ። እሱ እንደዛ ነው የሚለው፣ ልክ እንደዛ። የፊታቸው ቀለም ሲመለስ አየሁ። እና እዚህ ላይ ነው፣ ስሙኝ፣ ለማንም ያልነገርኩት እዚህ ላይ ያለውን ነው፤ ሆዴን ኮረኮረኝ። ደስ አለኝ። የሞተ ሰው ሆኜ እያወራሁ፣ እንዴት ጥሩ አድርጌ እንደያዝኩት እየታወቀኝ፣ ደስ አለኝ። ስለዚህ ጨመርኩ። «ለመስቀል እመጣለሁ ይላል» አልኩ። «ጎማው ይቀየርልኛል፣ ከዛ እመጣለሁ ይላል።» እና መጨረሻ ላይ፣ ጎተት አድርጌ፣ «ጋቢሽን ደርቢ ይላል።»

«ደርቤያለሁ በይው» አሉ፤ ግን ጋቢ አልደረቡም ነበር፣ በነጠላ ነው የመጡት። «እቤት ስገባ እደርባለሁ በይው።»

መስኮቱን አልፈው እጃቸውን ሰደው ጉንጬን ያዙኝ። «አንቺን ለዚህ ሥራ የፈጠረ ይመስገን» አሉኝ። እንደ ልጅ እየፈጠኑ ወጡ፤ ቆይቶ ሲነገረኝ ጌሾ ገዝተው ነው የገቡት፣ ለመስቀል ጠላ ሊጠምቁ።

እኔ ያን ቀን ማታ ለራሴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? አንድ ሌሊት ሰጠኋቸው አልኩ። አንድ ሌሊት ሳይፈሩ ይተኛሉ። እሑድ እንደሆነ አይቀርም፣ ቅዳሜን ብሰጣቸው ማን ይጎዳል? እንደውም ከሁሉም ደግ እኔ መሰልኩኝና ቆሎዬን በላሁ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ አቶ ሣህሌ ደጅ ተሰበሰብን። እህትየው ወይዘሮ በቀለች ከሮቤ ገብተዋል፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። እኔ ከእማዬ ጋር ከሁሉም ኋላ። ማንም አያወራም፣ የእግር ድምፅና የጭቃ ድምፅ ብቻ። አቶ ሣህሌ በሩን አንኳኩ።

እትዬ እታገኘሁ ሲከፍቱ ጋቢ ደርበዋል። ድርብ አድርገው፣ እስከ አንገታቸው።

ሰዉን አዩ። እህታቸውን አዩ። እንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ደጅሽ ከቆመ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አቶ ሣህሌ «እታገኘሁ፣ እንግዲህ ጠንክሪ። ኃይለየሱስን አጣነው» አሉ። ወይዘሮ በቀለች ጮኹ፣ ሴቶቹ ተከተሉ።

እትዬ እታገኘሁ ግን አልጮኹም። እጃቸውን አነሱና «ቆይ፣ ቆይ፣ ዝም በሉ» አሉ። «ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የነገራችሁ? መቼ ነው ሞተ የተባለው?»

«ረቡዕ ነው» አሉ አቶ ሣህሌ።

«አያችሁ» አሉ፤ ፈገግ አሉ እኮ። «ሌላ ሰው ነው። እኔን ትናንት አነጋግሮኛል። ትናንት ከሰዓት። ለመስቀል እመጣለሁ ብሎኛል።»

እህታቸው እቅፍ አድርገው «እቴ፣ እቴ» ሲሏቸው እትዬ ገፏቸው። «በቀለች፣ እብድ አይደለሁም። ጌሾዋን እያት፣ እዛ ጥግ አለች። ጋቢሽን ደርቢ ብሎኛል፤ ይሄው ደርቤያለሁ። ሌላ ሰው ይሄን ያውቃል? ፋናዬን ጠይቋት። ፋናዬ ናት ያገናኘችኝ። ፋኒዬ የት አለች?»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። አቶ ሣህሌ አዩኝ፤ ወዲያው ገባቸው፣ ፊታቸው ላይ አየሁት። እማዬ ክንዴን ይዛኝ ነበር፣ ለቀቀችኝ። መንገድ ተከፈተልኝና በመሀል ሄድኩ።  ሐኪም ቤት ያ ገበሬ ፊት እንደወደቅሁት ብወድቅ ምን ነበረ፤ አልወደቅሁም።

«ንገሪያቸው፣ ልጄ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«ጋቢሽን ደርቢ ያልኩት እኔ ነኝ። መስመር አልነበረም። ገመዱ ጭኔ ላይ ነበር። እሱ ምንም አላለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።»

አዩኝ። ከዛ ጋቢውን ከትከሻቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱት፣ የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት እንደለበሰ ሰው፣ እና መሬት ላይ ለቀቁት። ከዛ ነው የጮኹት። መርዶውን አቶ ሣህሌ አላረዱም፤ ያረዳሁት እኔ ነኝ። እዛው ቦታ ላይ፣ ልጃቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ገደልኩባቸው።

ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ከጓዳ በስተኋላ ዕቃ ሳጥብ ከረምኩ። ወደ ፊት መውጣት አልቻልኩም። ሴቶቹ እኔ ስደርስ ወሬ ያቆማሉ። አንዷ ብቻ፣ አይሻ የምትባል የጋሼ ሁሴኖ ሚስት፣ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ሳህን ተቀበለችኝ። «ሁሴኖ በጣም ዝም ብላለች ብሎኝ ነበር» አለች። 

አቶ ወልደጻድቅ ጠሩኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፣ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«የተባለውን ያላደረሰ ስልከኛ አይቻለሁ» አሉ። «ያልተባለ ያደረሰ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ። ላስወጣሽ ነበር። ግን ወይዘሮ እታገኘሁ ናቸው ለምነው ያስገቡሽ፣ እሳቸው ሳይናገሩ አላስወጣሽም። አንቺም እስከዛ አስቢበት። ይሄ ሥራ ላንቺ ነው?»

አሰብኩበት። ሌላ ምን አስባለሁ? ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ክዳኗ ጠብ ስትል እሰካለሁ፣ «አሰላ፣ አቤት» እላለሁ፣ ከዛ ዝም። ሆዴን አልኮረኮረኝም። እንዳይኮረኩረኝ እፈራ ነበር። ያ ሁሉ ሰው «ለዚህ ነው የፈጠራት» ያለው ጎበዝ ስለሆንኩ ነው፣ ያን ቀንም ጎበዝ ነበርኩ፤ ከመቼውም ይልቅ ጎበዝ የሆንኩት ያን ቀን ነው። ይሄን ለማን እላለሁ? አቶ ወልደጻድቅን «ችግሩ ሥራው አለመስማማቱ አይደለም፣ በጣም መስማማቱ ነው» ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር?

ከዛ ትናንት ቅዳሜ፣ በዛው ሰዓት፣ እትዬ እታገኘሁ ገቡ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ በጣም አጥረው ታዩኝ። መሀረብ አልያዙም። አቶ ወልደጻድቅ ከወንበራቸው ተነሱ። እኔ ማዳመጫዬን ላወልቅ ስል እትዬ «አታውልቂ» አሉኝ።

«ጋራዡን ጥሪልኝ። የቀበረውን ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ፣ ቱፋ የሚባለውን። ያለውን ብቻ ትነግሪኛለሽ።»

ጠራሁ። ገመዱን ስሰካ እንዲያዩት ከፍ አድርጌ ነው የሰካሁት። መስመሩ እንደ ወትሮው ሹክሹክታ ነበር። ቱፋ ድምፁ ወፍራም ነው፤ እንደሱ አላወፈርኩም። በራሴ ድምፅ ነው ያቀበልኩት።

«እናቱ ነኝ በይው። ሲሞት ምን አለ በይው።»

ቱፋን ጠየቅኩት። ከዛ ተናገረ።

«ምንም አላለም ይላል። ስንደርስ አልቆ ነበር ይላል።»

አገጫቸው ተንቀሳቀሰ። «በምን ገነዛችሁት በይው።»

«በአቡጀዴ ይላል።»

«ጋቢ ነበረው። እኔ የፈተልኩት። ጋቢውስ በይው።»

እዚህ ላይ አፌ ውስጥ ሙሉ መልስ መጣ። ከማንም ሳልሰማ፣ ራሱ መጣ፣ ሙቅ ሆኖ፤ በጋቢው ጠቀለልነው፣ ከነጋቢው ነው የቀበርነው። ለማለት አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረኝ። እትዬ እታገኘሁ ዓይናቸውን ከከንፈሬ ላይ አልነቀሉም። ቱፋ ሲናገር ጠበቅኩ።

«ጋቢው አልተገኘም ይላል። ጎርፍ ወስዶት ይሆናል ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አላለም፣ እትዬ።»

መስኮቱን ያዙ። ከዛ «እሺ» አሉ። «አሁን ሰማሁ።»

ገመዱን ነቀልኩ። አቶ ወልደጻድቅ ተጠግተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ስለዚች ልጅ እንዴት ይሁን? ትቆይ ወይስ ትሂድ?» አሏቸው።

እትዬ እታገኘሁ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ዞሩ። ፊታቸውን አላየሁም።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «እሷን ይጠይቋት።»

ወጡ። ዝናቡ ላይ ነው የወጡት፣ ጋቢ ሳይደርቡ፤ ደርበው ይሂዱ ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ያቺን ቃል እኔ ከእንግዲህ ለማንም ማለት አልችልም። አቶ ወልደጻድቅ እኔን እያዩ ቆመዋል። ልመልስላቸው ነበር፣ ምን ብዬ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም፤ ሳንቃው ላይ የሳጉሬዋ ክዳን ጠብ አለች። እጄ እኔን ሳይጠይቀኝ ገመዱን አነሳ።

«አሰላ፣ አቤት» አልኩ።